ሊፍቱ ውስጥ የቆመው ቀረጻ

ወደ አማርኛ ድምፅ እንዲመለስ የተሰጠኝ ፊልም «ሻሬድ» ነበር፤ ኦድሪ ሄፕበርንና ካሪ ግራንት ፓሪስ ውስጥ የሚጫወቱበት፣ በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣ የፍቅር ኮሜዲ። የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ «አንተ» እና «አንቺ» አባባልኳቸው።

ቀረጻው የሊፍቱ ትዕይንት ላይ ቆመ። ሴቲቱ ጣቷን አገጩ ላይ ካለችው ስርጉድ አስገብታ እዚያ ውስጥ እንዴት እንደሚላጭ ትጠይቀዋለች። ድምፅ የምትሰጠው ተዋናይ «ትላጫለህ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ሞክራ ማዳመጫዋን አወለቀች።

«አልወጣልኝም። አባቴን የሚያክል ሰው ነው፤ በቅጡ ሳላውቀው እንዴት አንተ እለዋለሁ?»

የድምፅ ባለሙያው ጋሼ፣ «ልጄ፣ እርስዎ እያልሽው ምኑን ወደድሽው?» አሏት። ግማሽ ቀን ባከነ።

ማታ ቤቴ ፊልሙን እንደገና ሳየው ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ገባኝ። ግራንት በ1904፣ ሄፕበርን በ1929 የተወለዱ ናቸው። ግራንት ልጅ አሳዳጅ ሽማግሌ እንዳይመስል ሰግቶ ስለነበር፣ ደራሲው ፒተር ስቶን ተከታይዋ እሷ፣ ሸሺው እሱ እንዲሆን አድርጎ ጽፎታል። ሄፕበርን ከሃምፍሪ ቦጋርት ጋር በ1954 ስትጫወት በ29 ዓመት ይበልጣት ነበር፤ ከጋሪ ኩፐር ጋር በ1957 ስትጫወትም ልዩነቱ ወደ 28 ዓመት ነው። «ሻሬድ»ን የምወደው ዕድሜውን ስለማይደብቀው ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ልዩነቱን በጨዋታው ይናገራል፤ እኔ ግን በ«አንተ» 25ቱን ዓመት ጠራርጌ አጥፍቼዋለሁ።

በማግስቱ ሁለቱንም በ«እርስዎ» አስጀመርኳቸው። መጀመሪያ ወደ «አንተ» የምትሻገረው እሷ ናት፤ እሱ «እርስዎ» ላይ ሙጭጭ ይላል፣ ሽሽቱ እሱ ነውና። አስቸጋሪው ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር ማስማማቱ ነበር፦ «ና» አንድ ፊደል፣ «ይምጡ» ሦስት። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ጻፍኩት።

መሻገሪያውን ሴን ወንዝ ላይ፣ የጀልባዋ መብራት ዳር ዳር የተቀመጡትን ጥንዶች በሚገልጥበት ምሽት ላይ አደረግሁት። ተዋናይዋ እዚያ ስትደርስ «አንተ» ከማለቷ በፊት ትንሽ ትንፋሽ ሳበች። ጽሑፉ ላይ አልነበረም። ጋሼ ሊቆርጡት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እባክዎ ይተዉት ብዬ ለመንኳቸው።