ፊጂና የፒያሳው ክርክር

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ወሬው የት ደረሰ መሰላችሁ? ፊጂ! አብዬ (ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበት ግዛት) ሰላም ለማስከበር ዘምቶ የተመለሰ ወዳጃችን ነው ያነሳው። "እኛስ ብዙ ነን፣ እነሱ ግን ሕዝባቸው አንድ ሚሊዮን አይሞላም" አለ። እውነቱን ነው። ፓስፊክ መሃል ያሉ ደሴቶች ናቸው፣ ግን ወታደሮቻቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ሰላም ለማስከበር ደቡብ ሊባኖስ ገብተዋል፣ ከ1982 ጀምሮ ደግሞ ሲና በረሃ አሉ። በ2014 ሶሪያና እስራኤል መሃል ባለው ጎላን ላይ 45ቱን አል ኑስራ የሚባለው የሶሪያ ታጣቂ ቡድን አግቷቸው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ነው የተለቀቁት። ምን አገባቸው ትላለህ!

"ለዶላሩ ነዋ" አለ አንዱ። ዶላሩማ አለ። ተመድ የራሱ ጦር የለውም፣ ስለዚህ ለአንድ ወታደር በወር ከ1,400 ዶላር በላይ ለላከው መንግሥት ይከፍላል፣ ወታደሩ እጅ የሚገባው ግን አገሩ የወሰነለት ነው። (እዚህ ላይ ወዳጃችን ፈገግ ብሎ ዝም አለ።) ለገንዘብ ብቻ ነው የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ትንሽ አገር ዓለም መድረክ ላይ ሌላ በምን ትሰማለች? እኛም ኮሪያና ኮንጎ የዘመትነው ለዶላር አልነበረም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ሰው አገር ሰላም ሲያስከብር የኖረ ጦር አገሩ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርግስ? የ1987ቱን የመራው ራቡካ ሊባኖስ ያገለገለ መኮንን ነው፣ አሁን ደግሞ በምርጫ ተመልሶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። ይሄን ስናገር ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ፣ ቡናውም ቀዘቀዘ።

ፊጂዎችን ግዳጅ ላይ ያገኘ ዘማች ካለ ኮሜንት ላይ ያውጋን እስኪ።