ስቶክሆልምን በውሃው እንዴት እንደለመድኳት

ከስቶክሆልም ሰሜን ምዕራብ ያለው ሰፈር ሁስቢ ነው የምኖረው። ስራዬ መዋለ ህፃናት ውስጥ ቪካሪ (የጎደለ ሰው ተኪ) ነው፣ ቋሚ ቦታ የለኝም፣ በጠዋት ይደወልና ዛሬ ሃግሴትራ ሰው ጎድሏል ትደርሻለሽ ወይ እባላለሁ፣ ነገ ደግሞ ፍሩዬንገን ይሆናል። ስለዚህ ከተማውን ማወቅ ለኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው። አፑ መንገዱን ይነግረናል፣ ግን መስመሩ ድንገት ሲቋረጥ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ስልኩን ሲያይ እኔ አማራጩ በጭንቅላቴ እንዲኖር ፈለግኩ።

መጀመሪያ የያዝኩት ውሃውን ነው። ስቶክሆልም 14 ደሴቶች ላይ የተሰራች ከተማ ናት፣ በምዕራብ ሜላረን የሚባለው ሐይቅ አለ፣ ከቧንቧ የምንጠጣው ከሱ ነው፣ በምስራቅ ደግሞ የባልቲክ ባህር፣ ሁለቱ የሚገናኙት መሃል ከተማው ላይ አሮጌው ሰፈር ጋምላ ስታን ጋ ነው። ሐይቁ ከባህሩ ትንሽ ከፍ ስለሚል ፓርላማው አጠገብ ካለው ድልድይ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ብታዩ ውሃው እየተንደረደረ ሲወርድ ታያላችሁ፣ ዓሣ የሚያጠምዱም እዛው አይጠፉም። የሚወርድበት ምስራቅ ነው። በክረምት ፀሐይ ጭራሽ ባትታይም እኔ አቅጣጫዬን የማገኘው በዚህ ነው።

ይሄ ከባቡር ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ፣ ሰሜኑና ደቡቡ የሚገናኙት በዚች ጠባብ ቦታ ስለሆነ የቱነልባናው (የምድር ውስጥ ባቡሩ) አረንጓዴና ቀይ መስመር ሁለቱም በጋምላ ስታን ነው የሚያልፉት፣ እዛ ጋ አንድ ነገር ከተፈጠረ ደቡቡ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ሁለት መውጫ አለን። አንዱ ፔንደልቶግ የሚባለው የከተማ ዳር ባቡር ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ በራሱ ጥልቅ ዋሻ ነው ከተማውን የሚያቋርጠው። ሁለተኛው ትቬርባናን የሚባለው ትራም ነው፣ መሃል ከተማውን ሳይነካ በጎን ይዞራል። እኔ ከሁስቢ በሰማያዊው መስመር 11 ቁጥር ሶልና ሴንትሩም እወርዳለሁ፣ እንቅልፍ ላይ ብሆን እንኳን ጣሪያው ደማቅ ቀይ ሆኖ ከስሩ አረንጓዴ ጫካ የተሳለበት ጣቢያ ስለሆነ አያመልጠኝም፣ ከዛ በትቬርባናን ጉልማርስፕላን ድረስ፣ ከዛ በአረንጓዴው 19 ቁጥር ሃግሴትራ። ረጅም ነው ግን ያደርሳል።

መስመር መቀየሪያ ቦታ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ጊዜውን ይጨርሳል። ሁሉም ነገር ዋናው መገናኛ ጣቢያ ቲ-ሴንትራለን ላይ ይመስለናል። ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ወይም ከቀይ ወደ አረንጓዴ ቀይራችሁ በዛው አቅጣጫ የምትቀጥሉ ከሆነ ጋምላ ስታን ወይ ስሉሰን ቀይሩ፣ ከአንዱ ባቡር ወርዳችሁ እዛው ፕላትፎርም ማዶ ላለው መሻገር ብቻ ነው። ሰማያዊው መስመር ግን በፈረንጆቹ 1975 የተከፈተ፣ ድንጋይ ተፈልፍሎ ጥልቀት ላይ የተሰራ ስለሆነ ቲ-ሴንትራለን ላይ ከሱ ወደ ሌላው ያለው እግር መንገድ ረጅም ነው፣ ወደ አረንጓዴ ለመቀየር ፍሪድሄምስፕላን ይሻለኛል።

አሁን በጣም የምወደው ነገር። የቱነልባና ካርታ እንደ እጅ ጣት ነው፣ ሁሉም ጣት ወደ መዳፉ ይሄዳል እንጂ ጣትና ጣት አይገናኝም። ጓደኛዬ ቴንስታ ናት፣ በባቡር ልሂድ ብል ቬስትራ ስኩገን ድረስ ወርጄ በሌላኛው ቅርንጫፍ መመለስ አለብኝ። መሬቱን ስታዩት ግን በሁስቢና በቴንስታ መሃል ያለው ያርቫፌልተት የሚባለው ሜዳ ብቻ ነው፣ በጋ ላይ በሳሩ መሃል በእግር ሄጄ ቡና ሳይፈላ እደርሳለሁ። ከተማዋ በየሰፈሩ መሃል እንዲህ አረንጓዴ መሬት አላት፣ አዲስ የመጣ ሰው ይሄን ቶሎ ቢያውቅ ሰፈር ሲመርጥም ይጠቅመዋል፣ ጣቢያ በጣቢያ ከመቁጠር መሬቱን በእግር መርገጥ።

ትኬት ላይ ብዙ አልልም፣ ዋጋ በርቀት የሚለይበት ዞን የሚባለው በፈረንጆቹ 2017 ቀርቷል፣ አንዱ ትኬት 75 ደቂቃ ይሰራል፣ ከስሉሰን ዩርጎርደን ደሴት የምትሄደው ጀልባም በዚሁ ትኬት ናት፣ ልጆች ያላችሁ ውሰዷቸው።

ዘመድ አርላንዳ ለመቀበል ስትሄዱ ኤርፖርቱ ውስጥ ያለው የባቡር ጣቢያ ከትኬቱ ሌላ ተጨማሪ ያስከፍላል። በ583 ባስ ሜሽታ ሄዳችሁ ከዛ ፔንደልቶግ ከያዛችሁ ግን መደበኛው ትኬት ይበቃል። ትንሽ ይረዝማል፣ ሻንጣው ከበዛ አንድ ጎረምሳ ይዛችሁ ሂዱ።