የተዘረጋው እጅ

ሐምሌ 14፣ ማታ

ዛሬ የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የሜሪ ሼሊን ልቦለድ «ፍራንከንስታይን» ለሦስተኛ ጊዜ አንብቤ ጨረስኩ። ከዚህ በፊት ሁለቱንም ጊዜ መጽሐፉን የከደንኩት፣ ሰው ልኩን ሳያውቅ በፈጣሪ ሥራ እጁን ሲያስገባ መጨረሻው ይህ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ያ ፍርዴ ልክ እንዳልነበረ ስለተሰማኝ፣ ሐሳቡ ሳይበተንብኝ እዚህ ላስፍረው።

ቪክቶር ፍራንከንስታይን የጄኔቫ ሰው ነው። እናቱ ከሞተች ብዙም ሳይቆይ በጀርመን ወዳለው ወደ ኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የሕይወትን ምንጭ ፍለጋ ይጀምራል፤ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም እንቅልፉንና ቤተሰቡን ረስቶ፣ ከአስከሬን ማኖሪያና ከቄራ በሰበሰበው አካል አንድ ሰው ይሠራል። የምኞቱን ጠባይ ለመረዳት አንዲት ትንሽ ነገር ትበቃኛለች። የአካል ክፍሎቹ ጥቃቅን መሆናቸው ሥራውን ስላዘገየበት፣ ፍጡሩን 8 ጫማ ያህል ቁመት ያለው ግዙፍ አድርጎ ሊሠራው ይወስናል። ኋላ ሰው ሁሉ በድንጋጤ የሚሸሸውን ያን ግዝፈት ያመጣው የሠሪው ጥድፊያ ነው። በዚያው የሥራ ወቅት ቪክቶር የሚያልመው ምስጋና ነው፤ አዲስ የፍጡራን ዘር ፈጣሪዬ ብሎ ሲባርከው፣ የትኛውም አባት ከልጁ አግኝቶት የማያውቀውን ውለታ ሲቀበል ይታየዋል። ልጁን ግን አላለመውም። ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛ፣ ማን ተብሎ እንደሚጠራ በእነዚያ ገጾች ላይ አንዲት ቃል አልተጻፈችም።

ከዚያ ያ የኅዳር ሌሊት ይመጣል። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፣ ሻማው ሊያልቅ ተቃርቧል፣ የፍጡሩ ቢጫ ዓይን ይገለጣል። ቪክቶር ጥቁር የሚያብረቀርቅ ጸጉርና እንደ ዕንቁ የነጣ ጥርስ መርጦለት ስለነበር ውብ ይሆናል ብሎ ጠብቋል፤ ነፍስ ሲዘራ ሲያየው ግን መልኩን መቋቋም አቅቶት ወደ መኝታ ክፍሉ ይሸሻል። ተኝቶ ሲባንን ፍጡሩ የአልጋውን መጋረጃ ገልጦ ቆሟል። አፉን ከፍቶ ቃል ያልሆነ ድምፅ ያሰማል፣ ጉንጩ በፈገግታ ይጨማደዳል፣ አንድ እጁን ይዘረጋል። ቪክቶር ሊይዘኝ ነው ብሎ ደረጃውን ወርዶ ያመልጥና ሌሊቱን በግቢው ውስጥ ሲንቆራጠጥ ያድራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ንባቦቼ እኔም አብሬው ሸሽቻለሁ። በሦስተኛው ግን ቆም ብዬ አየሁት፤ በሕይወቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ላይ ያለ ፍጡር እየተንተባተበና ፈገግ እያለ እጁን ቢዘረጋ፣ ሕፃን ሁሉ የሚያደርገውን ማድረጉ ነው።

ለምን ዛሬ እንደታየኝ አውቃለሁ። ልጄ የተወለደችው በሰባት ወሯ ነበር። በማሞቂያው ውስጥ ሳያት ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሳ የደም ሥሮቿ ይቆጠራሉ፤ በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቷል፤ ክንዷ ከጣቴ አይወፍርም። ዓመታት ስንመኛት የኖርን ልጅ ናት፣ እኔ ግን ዓይኔን አንስቼ ወጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ለዘመድ ስልክ ልደውል፣ መድኃኒት ላምጣ እያልኩ ከኮሪደሩ አላለፍኩም። ስምም አላወጣሁላትም፤ በካርዷ ላይ የተጻፈው የእናቷ ስም ብቻ ነበር። ስም ካወጣሁላት በኋላ ብትሞትስ የሚለውን ፍርሃቴን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። በሦስተኛው ቀን አማቴ ክንዴን ይዘው አስገቡኝ፤ እጄን በሳሙና አስታጠቡኝና «ና ልጄ፣ ጣትህን ስጣት፤ አባቷ መሆንህን በምን ትወቅ?» አሉኝ። በማሞቂያው ጎን ባለው ክብ ቀዳዳ እጄን አስገባሁ። ጣቴን ጨበጠችው። ስሟን ያወጣሁላት የዚያን ዕለት ነው።

በተረቶቻችን ውስጥ ጭራቅ ከመጀመሪያውም ጭራቅ ነው፤ ማን ወለደው፣ ማን ጥሎት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሜሪ ሼሊ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ስለዚህም ነው በዚህ ማስታወሻ ጭራቅ ማለቱን ትቼ ፍጡር እያልኩ የምጽፈው፤ በአማርኛ ፍጡር ባልን ቁጥር የፈጠረውም አብሮ ይነሳል። ብዙ ሰው ፍራንከንስታይን የፍጡሩ ስም ይመስለዋል፤ ፍጡሩ በመጽሐፉ ውስጥ ስም ስለሌለው ይህ ስህተት ነው፣ የሚያርሙትም ልክ ናቸው። ሆኖም ልጅ በአባቱ ስም በሚጠራበት አገር ላደግኩት ለእኔ፣ አንባቢ በስህተት የሰጠው ቪክቶር የነፈገውን ነው።

ሜሪ ይህን ታሪክ ስትጀምር ገና 18 ዓመቷ ነበር። እናቷ ሜሪ ወልስቶንክራፍት በ1797 እ.ኤ.አ. እሷን በወለደች በ11 ቀኗ ሞታለች። እሷም ራሷ በ1815 መጀመሪያ የወለደቻት የመጀመሪያ ልጇ ያለ ጊዜዋ የመጣች ነበረች፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በላይም አልቆየችላትም። ከዚያ በኋላ በማስታወሻዋ ላይ ያሰፈረችው ሕልም አለ፤ ሕፃኗ ለካ በርዷት ኖሮ፣ እሳት ዳር ሲያሻሿት ነፍስ ትዘራለች፤ እናትየው ስትነቃ ግን ሕፃን የለችም። በዓመቱ፣ ቀደም ብሎ በ1815 በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን በጋ ባቀዘቀዘበት በ1816፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ዝናብ እሷንና ወዳጆቿን ቤት ላይ ዘግቷቸው ገጣሚው ባይረን የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ሲል፣ የእሷ ምናብ ሕይወት ወደሌለው አካል ሄደ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ልቦለዱ የሳይንስን ትዕቢት ለማውገዝ ብቻ የተጻፈ ነው የሚለውን ልቀበለው አልቻልኩም። መጽሐፉ በ1818 በ500 ቅጂ ሲታተም የደራሲዋ ስም አልነበረበትም፤ ስሟ የወጣው በ1823ቱ እትም ላይ ነው። በ1831 በጻፈችው መግቢያ ላይ መጽሐፏን አስቀያሚው ልጄ ብላ ትጠራውና ሂድ፣ ይቅናህ ብላ ትመርቀዋለች። ቪክቶር ይህችን አንዲት ምርቃት ከአፉ አላወጣም።

የፍጡሩን ግድያ ማቃለል አልፈልግም። የቪክቶርን ትንሽ ወንድም ዊልያምን አንቆ ገድሏል፤ ጓደኛውን ክለርቫልን ገድሏል፤ ሙሽራውን ኤልሳቤጥን በሠርጓ ሌሊት ገድሏል። ነገር ግን ከዚያ በፊት በዴ ላሲ ቤተሰብ ጎጆ ጥግ ተደብቆ የከረመበትን ጊዜ አልረሳም። ድሆች መሆናቸውን ሲረዳ ከምግባቸው መስረቁን ይተዋል፤ ሌሊት ሌሊት እንጨት ሰብሮ ደጃቸው ላይ ያኖርላቸዋል፤ ቋንቋቸውን እየሰማ ይማራል። በመጨረሻ ድፍረት አግኝቶ የሚቀርበው ዓይነ ስውር የሆነውን ሽማግሌ ነው፤ በመጽሐፉ ሁሉ በደግ ቃል ያነጋገረውም መልኩን የማያየው ይህ ሰው ብቻ ነው። ልጆቹ ሲደርሱ ወንድ ልጁ ፊሊክስ በዱላ ይደበድበዋል። ጥሩ ሰው ነበርኩ፣ ክፉ ያደረገኝ መከራዬ ነው የሚለውን ቃሉን የማምነው በዚያ የእንጨት ክምር ምክንያት ነው። በሌላ በኩል፣ ዊልያምን ገደልሽ ተብላ ለተፈረደባት ንጹሕ ሠራተኛ ለጀስቲን እውነቱን የሚያውቀው ቪክቶር ነበር፤ እብድ እንዳይባል ዝም አለ፣ እሷም ሞተች። ከሁለቱ ጭራቅ የትኛው ነው ብባል፣ እዚህ ገጽ ላይ መልሴ ፍጡሩ አይሆንም።

መጽሐፉ የሚያልቀው በበረዶ ባሕር ላይ ነው። ወደ ሰሜን ዋልታ ሲጓዝ የነበረው ካፒቴን ዋልተን፣ መርከበኞቹ እንመለስ ሲሉት እያዘነም ቢሆን ይመለሳል፤ ምኞቱ ከቪክቶር የሚያንስ አልነበረም፣ አብረውት የተሳፈሩትን ሰዎች ግን አልጣላቸውም። ፍጡሩን ሲያሳድድ በዚያው መርከብ የተጠጋው ቪክቶር ሊሞት ሲል ያለፈ ሥራውን መርምሮ የሚወቀስበት ነገር እንዳላገኘ ይናገራል። ዋልተንንም ከታላቅ ምኞት ራቅ ይለውና፣ ወዲያው ደግሞ እኔ ባይሳካልኝ ለሌላው ይሳካለት ይሆናል ይላል። ከሞተ በኋላ ዋልተን ድምፅ ሰምቶ ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ ፍጡሩ ረጅም ጸጉሩ ፊቱን ሸፍኖት በሬሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ያገኘዋል። አንድ ግዙፍ እጁ ተዘርግቷል። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ፤ በዚያ የኅዳር ሌሊት የተዘረጋው እጅ ነው፣ ቪክቶር አሁን ሊሸሸው አይችልም። ይቅርታ የሚለምነውም ፍጡሩ ነው።