ፊውዝ የሚበላው የአባዬ አምፕሊፋየር

ደሴ ዛሬ ሲዘንብ ዋለ፤ እኔም ከአባዬ የድሮ አምፕሊፋየር ጋር ስታገል ዋልኩ። ማብሪያውን ገና ስትነኩት ፊውዙ ጧ! አዲስ ስትቀይሩም ጧ!

አንድ ጠጋኝ «ወፈር ያለ ሽቦ እሰርበት» ብሎኝ ነበር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ፊውዙ የሚቃጠለው ቤታችሁ እንዳይቃጠል ነው።

ፒያሳ የሚሠራ ጓደኛዬ ግን ግሩም መላ ሰጠኝ። ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል (ባለ ክሩን፣ ኤልኢዲ አይሆንም) ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር በሲሪየስ (ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ወደ አምፕሊፋየሩ እንዲገባ) ታገናኛላችሁ። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሾርት (ኤሌክትሪክ ያለ ቦታው በቀጥታ የሚያልፍበት ብልሽት) ከሌለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይደበዝዛል። የእኛው ቦግ እንዳለ ቀረ።

ከሶኬት ነቀልኩት። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ቻርጃቸው መውጣቱን አረጋገጥኩና በቴስተር መለካት ጀመርኩ። ዳዮዶቹ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) ደህና ናቸው። የግራው ቻናል አንዱ ትልቅ ትራንዚስተር (ድምፁን የሚያጎላው ክፍል) ላይ ስደርስ ግን ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር፣ ማለትም ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው፣ ቴስተሩ የሾርት ድምፁን ጢጢጢ... ገልብጬ ብለካውም ያው ጩኸት። አገኘሁህ! ከሥሩ ያለው፣ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ነጭ ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው የሞተው ብዬ አስባለሁ።

እሱንም ጥንዱንም ትራንዚስተር አውጥቼ፣ ስፒከር ሳላገናኝ ሞከርኩት። አምፖሉ ደበዘዘ! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ነገ ትራንዚስተር ፍለጋ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ቁጥሩን ኮሜንት ላይ አስቀምጣለሁ፤ ኦሪጅናሉ ያላችሁ ንገሩኝ።