ቁልፍ ልትመልስ የመጣችው ጎረቤት

የቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ እሠራ ነበር። አንድ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ታሪክ ነው። ከጎረቤቶቹ አንዷ ሂጃብ የምትለብስ ፋርማሲስት ናት።

አራተኛው ክፍል ላይ ደርሰናል። መሽቷል፣ የምናስረክበው ደግሞ ጠዋት ነው። ከጎኔ የትርጉም ጽሑፍ የምታስገባ ወጣት ባልደረባዬ ተቀምጣለች። እሷም ሂጃብ ትለብሳለች። ትዕይንቱ ቀላል ነው። ፋርማሲስቷ በር ታንኳኳለች፣ አደራ የተቀበለችውን ቁልፍ ትመልሳለች፣ ትሄዳለች። ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው።

«እስቲ አንዴ መልሰው» አለችኝ። መለስኩት።

«ይቺ ሴትዮ ምን ልታደርግ ነው የመጣችው?»

«ቁልፍ ልትመልስ።»

«ታዲያ ሙዚቃው ለምን ቦምብ የያዘች ያስመስላታል?»

መልስ አጣሁ። በሩ ሲከፈት ከሥር ወፍራም፣ የሚጎተት ድምፅ አስገብቻለሁ። ስክሪፕቱን አገላበጥኩ። ስለ ሙዚቃ አንድም ቃል የለም። ዳይሬክተሩም አላዘዘኝም። እጄ በልማድ ሄዶ ነው ያነሳው።

የቀደሙትን ሦስት ክፍሎች ከፈትኩ። ፋርማሲስቷ ስድስት ጊዜ ትገባለች፤ አራቱ ላይ ያው ድምፅ አለ። ትራኩን ያወጣሁበትን የሙዚቃ ስብስብ ደግሞ አየሁት። «መካከለኛው ምሥራቅ» ከሚለው ፎልደር ሥር ያሉት አብዛኞቹ «ስጋት»፣ «አደጋ»፣ «ክትትል» የሚሉ ናቸው። «ደስታ» የሚል ፈልጌ አጣሁ። ሰው እዚያ ፎልደር ውስጥ አይስቅም ማለት ነው?

ልማዱ ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። የግማሽ ሰዓት ድራማ ማስታወቂያው ሲቀነስ 22 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚቀረው። አዲስ ሰው ሲገባ ተመልካቹ ወዲያው እንዲያውቀው እንፈልጋለን። ስለዚህ አቋራጭ እንይዛለን። ሰባኪ ከሆነ ገንዘብ ሲቆጥር እናሳያለን። መነኩሴ ከሆነ ዓለም ያልገባው የዋህ እናደርገዋለን። አጭበርባሪ ሰባኪ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ሊጻፍበትም ይገባል። የሚያሳዝነኝ ሌላው ሰባኪ፣ የታመመ ሲጠይቅ የሚውለው፣ ስክሪን ላይ ሲጠፋ ነው።

ያን ማታ ባልደረባዬ ስለ ሪዝ ቴስት ነገረችኝ። ተዋናዩ ሪዝ አህመድ እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ ፓርላማ ያደረገውን ንግግር መነሻ አድርጎ በ2018 የወጣ፣ ፊልምና ድራማ ሙስሊሞችን እንዴት እንደሚያቀርቡ የሚፈትሽ መመዘኛ ነው። አምስት ጥያቄ አለው። ሙስሊም መሆኑ የሚታወቅ ገጸ ባሕርይ ካለ፣ የመጣው ከሽብር ጋር ተያይዞ ነው? ያለ በቂ ምክንያት የሚቆጣ ነው? በአጉል እምነት የተያዘ ወይም ኋላ ቀር ነው? ለምዕራባውያን አኗኗር ስጋት ሆኖ ነው የቀረበው? ወንድ ከሆነ ሴት የሚንቅ፣ ሴት ከሆነች በወንድ የተጨቆነች ናት? ለአንዱ እንኳ መልሱ አዎ ከሆነ ሥራው ወደቀ።

ቁጭ ብለን ስክሪፕታችንን መዘንነው። አምስቱንም አለፈ። ጸሐፊዎቹ ተጠንቅቀው ነው የጻፏት። ሥራ አላት፣ ቀልድ ታውቃለች፣ በማንም አልተጨቆነችም። ያበላሸኋት እኔ ነኝ፤ ያውም አንድ ቃል ሳልናገር። ፈተናው ስለ ሙዚቃ አይጠይቅም።

ባልደረባዬ ባትኖር ሳይታወቅ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሆምላንድ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጆች ለቀረጻ የሠሩት የስደተኞች ካምፕ ግድግዳ ላይ በዐረብኛ እንዲጽፉ አርቲስቶች ቀጥረው ነበር። አርቲስቶቹ «ሆምላንድ ዘረኛ ነው» ብለው ጻፉበት። ቀረጻው ላይ ልብ ያለው ሰው ስላልነበረ በቴሌቪዥን ተላለፈ። የዐረቦችን ታሪክ እየሠሩ ግድግዳቸው ላይ ያለውን ዐረብኛ ያነበበ ጠፋ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር የእኛ ክፍል ውስጥ ማን ማን እንደሚቀመጥ እቆጥራለሁ።

ጠዋት ሙዚቃውን እናውጣው ስለው ዳይሬክተሩ መጀመሪያ አልተዋጠለትም። «ያለ ሙዚቃ ይቀዘቅዛል» አለ። ሁለቱንም አሳየሁት። ያለ ሙዚቃው ሲመጣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ፈገግ ብላ ነበር እንዴ?»

ብላ ነበር። ቁልፉን ስትሰጥ ተዋናይዋ በዓይኗ ፈገግ ትላለች። ከሥሩ ያ ድምፅ ሲኖር ግን ያው ፈገግታ የሆነ ነገር የደበቀች ነበር የሚያስመስላት። አራተኛው ክፍል ያለ ሙዚቃ ሄደ። ሦስቱ ግን ተላልፈው ነበር፤ ሰው ቤት ገብተዋል፣ አይመለሱም።

ባልደረባዬን ለምን ቀደም ብላ እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። ጽሑፉን እያስገባች ነበር፣ ዞር ሳትል ነው የመለሰችልኝ።

«የመጀመሪያው ላይ እኔ ነኝ ያከበድኩት ብዬ ተውኩት። ሁለተኛው ላይ፣ ይቺ ልጅ ሁሌ ስለ ሃይማኖቷ ነው የምታወራው እንዳትሉኝ ፈራሁ።»