አኳሪየሜን የሸፈነው ነጭ ነገር

ሁለት ጎልድፊሾች አሉኝ። ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። አኳሪየሙን፣ ማለትም የሚኖሩበትን የመስታወት ሳጥን፣ የሠራልኝ ፒያሳ አካባቢ መስታወት የሚቆርጥ ልጅ ነው፤ 60 ሊትር ገደማ ይይዛል። ዓሦቹን ከአዲስ አበባ ሳመጣቸው 400 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ ውሃና አየር በተሞላ ፌስታል ጭኔ ላይ ይዣቸው ነበር። ያን ቀን ነው የለመድኳቸው።

ከጥር ወዲህ ግን በደንብ ላያቸው አልቻልኩም። መስታወቱ ደመና ለበሰ። ውሃው በሚደርስበት መስመር ላይ ነጭ ቀበቶ የመሰለ ነገር ዞሮታል፤ ከሱ ከፍ ብሎ ደግሞ ነጠብጣብ አለ። መጀመሪያ የደሴ ብርድ ያመጣው እንፋሎት መስሎኝ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ እጠርገው ነበር። እንፋሎት ቢሆን ይለቅ ነበር። ይሄ ንቅንቅ አልል አለ።

በስፖንጅ ፈተግኩት፣ አልሆነም። አንድ ቀን ተናድጄ የድስት ማጠቢያ ሽቦ አነሳሁ። እባካችሁ እናንተ እንዳታደርጉት። ነጩ ነገር እንዳለ ቀረና ግራ ጥጉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ አራት ጭረቶች ወጡ። መስታወት አንዴ ከተጫረ አይመለስም። ጭረቱ ውስጥም አልጌ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር እየገባ ይደበቃል።

መላውን ያገኘችው እማዬ ናት። የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ስታልፍ ቆም አለችና ነጩን መስመር በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍታ ውስጡ የያዘውን ነጭ ቅርፊት አሳየችኝ።

«አብሽሪ፣ ቆሻሻ አይደለም። ይኸው፣ አንድ ናቸው።»

እውነቷን ነው። የቧንቧ ውሃ ከመሬት ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይመጣል። ውሃው ሲተን እነሱ አብረው አይተኑም። መስታወቱ ላይ ይቀሩና በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ይሠራሉ፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ። የአየር ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይ እየረጨ ነጠብጣቡን ይጨምራል። እኔ ደግሞ ውሃው በጎደለ ቁጥር እሞላለሁ እንጂ አሮጌውን ቀድቼ አላወጣም ነበር። እሳት ላይ ያለ ወጥ በጎደለ ቁጥር ጨው ያለበት ውሃ ብትጨምሩበት አስቡት፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን ይከማቻል። የኔም አኳሪየም እንደዚያ ነው የሆነው።

ድንጋይ ከሆነ ደግሞ መፍትሔው አሲድ ነው። ወጥ ቤት ያለው አቼቶ ይበቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ፓምፑንና ፊልተሩን ከሶኬት ነቀልኩ። ዓሦቹን አላወጣሁም። ውሃውን አንድ ስንዝር ያህል ቀነስኩት፣ ነጩ መስመር ከውሃው በላይ እንዲሆን። ሶፍት አጥፌ አቼቶ ውስጥ ነከርኩና እንዳይንጠባጠብ ጨመቅ አደረግኩት። መስመሩ ላይ ለጠፍኩት። ቶሎ እንዳይደርቅ ከላዩ ላይ ፌስታል ቆርጬ ሸፈንኩት። ግማሽ ሰዓት ተውኩት።

የሶፍቱን ጫፍ ገለጥ ሳደርግ ነጩ ላይ እንደ አምቦ ውሃ ትንንሽ አረፋ ይፈላል። ጋዙም ያው አምቦ ውሃ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አቼቶው ኖራውን ሲበላው ነው የሚወጣው። አረፋውን ካያችሁ በትክክል ድንጋይ ነው ማለት ነው። አረፋ ከሌለ፣ ቢቆይም ካልለሰለሰ፣ የመስታወቱ ፊት ራሱ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ለሱ አቼቶ ምንም አያደርግለትም።

ከዚያ ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ገፋ ገፋ ሳደርገው እንደ ርጥብ ኖራ እየተጠቀለለ ለቀቀ። እጄ ላይ ያለው ስሜት እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ያን ሁሉ ወር የታገለኝ ነገር ዝም ብሎ ተንሸራተተ። ማዕዘኖቹ ላይ ወፍራም ስለነበር ሁለቴ ደገምኩት። መጨረሻ ላይ የቀረውን በአዲስ ምላጭ አነሳሁት። መስታወቱን አርጥቤ፣ ምላጩን ጋደም አድርጌ። ምላጭ መስታወቶቹን ያጣበቀውን ሲሊኮን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፣ ከተቆረጠ ውሃ ያፈሳል። አኳሪየማችሁ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ምላጭ አታስጠጉት።

ሲያልቅ በንጹሕ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ጠረግኩት። አቼቶ በብዛት ውሃው ውስጥ ከገባ የውሃው ፒኤች በአንዴ ይወርዳል፣ ማለትም ውሃው አሲድ እየሆነ ይሄዳል፤ ዓሦች ድንገተኛ ለውጥ አይችሉም። ሳሙና፣ ኦሞ፣ በረኪና ግን በፍጹም። ትንሽ ቅሪት እንኳ የሚተነፍሱበትን ስንጥባቸውን ይጎዳል። አቼቶ ከሌላችሁ ግማሽ ሎሚ እያሻችሁ ተመሳሳይ ሥራ መሥራት ትችላላችሁ፣ ለትንሽ ቦታ ከሆነ።

ይሄን ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ በስልክ ስነግራት «የኔም እንደዚያው ነው» አለችኝ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሳየው ሌላ ነገር ነው። የሷ አረንጓዴ ነው፣ በጣት ሲነካ ያሟልጫል። አልጌ ነው። አኳሪየሙን ያስቀመጠችው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀቷን ታውቃላችሁ። አቼቶ አላስፈለገም። ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ስፖንጅ ጠረግነውና ከመስኮቱ አራቅነው። ጣታችሁን ብቻ ጠይቁት፤ ከሻከረ ድንጋይ ነው፣ ካሟለጨ አልጌ ወይም ባክቴሪያ ነው። ውሃው ራሱ ወተት ከመሰለና አኳሪየሙ ገና አዲስ ከሆነ ደግሞ መስታወቱን አትፈትጉ። የባክቴሪያ መብዛት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ራሱ ይጠራል።

አሁን በየሳምንቱ 15 ሊትር አውጥቼ 15 ሊትር አዲስ እጨምራለሁ። አዲሱን ውሃ ዓርብ ጠዋት በባልዲ ሞልቼ ሳልከድን አሳድረዋለሁ፣ ጀርም እንዲገድል ቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን እንዲወጣለት። የፊልተሩን ስፖንጅ የማጥበው ባወጣሁት አሮጌ ውሃ ነው፤ የቧንቧው ክሎሪን ስፖንጁ ላይ ያሉትን፣ የዓሦቹን ቆሻሻ የሚያጣሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል።

በመሀል ለሚጎድለው ትንሽ ውሃ ደግሞ እማዬ ሌላ ዘዴ አላት። ውሃ ታፈላና ታቀዘቅዘዋለች፤ ከሥሩ ያለውን አስቀርታ ከላይ ትቀዳልኛለች። ሲፈላ ከኖራው የተወሰነው ማንቆርቆሪያው ላይ ይቀራል። ማንቆርቆሪያውን ወር በገባ ቁጥር በዚያው አቼቶ አጥብላታለሁ።

አራቱ ጭረቶች አሁንም አሉ። በቀረው መስታወት በኩል ግን ትንሿ ዓሣ ክንፏ ጫፍ ላይ ጥቁር ጠርዝ እንዳላት አየሁ። ከጥር በፊት አልነበራትም።