ለጉግስ ባዝራ ወጣት ድንጉላ መምረጥ፤ ጅማ ላይ ማንም ያልነገረኝ

ጅማ ላይ "ለባዝራዬ ድንጉላ እፈልጋለሁ"፣ ማለትም ለሴት ፈረሴ የሚያስረግዛት ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ እፈልጋለሁ፣ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የቀለም ምክር ነው፤ ዳማ ይሁን፣ አምባላይ ይቅር። ቀጥሎ ቁመት ይመጣል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ምን ያደክምሃል፤ በአህያ አስጠቃትና በቅሎውን ሽጥ" ይላሉ። ከሦስቱ ምክሮች ቁም ነገር ያለው የሽማግሌው ነው። በቅሎ ከፈረስ የበለጠ ዋጋ ታወጣለች፤ ገንዘብ የፈለገ እሳቸውን ይስማ። እኔ የምጽፈው የጉግስ ፈረስ ለሚፈልግ ነው።

ጉግስ የሚጠይቀው ረጅም ሩጫ አይደለም። ፈረሱ ከቆመበት ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ጥቂት ጋልቦ ኋላው ላይ ተቀምጦ ይዞራል፣ ደግሞ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ የበርሜል ሩጫ የሚባለው ውድድርም የሚለካው ይህንኑ ነው። ሦስት በርሜሎች በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል 27 ሜትር ግድም፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ ሦስተኛው 32 ሜትር። ሦስቱንም ዞሮ በፍጥነት የተመለሰ ያሸንፋል፤ በርሜል የጣለ 5 ሰከንድ ይጨመርበታል። ባዶ የ200 ሊትር በርሜል ጅማ ውስጥ ከየጋራዡ ይገኛል። ድንጉላ ለመፈተን ከእሱ የተሻለ ዕቃ አላውቅም፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ድንጉላ ከመፈለጋችሁ በፊት የባዝራችሁን ጉድለት በወረቀት ጻፉ። የእኔዋ ፈጣን ናት፣ ልጓም ትሰማለች፣ ሰኮናዋ ድንጋይ ነው። ግን ቋንጃዋ፣ የኋላ እግሯ መታጠፊያ፣ በጣም ቀጥ ያለ ስለሆነ ከሩጫ ስትቆም ክብደቷን የምትጥለው ፊት እግሯ ላይ ነው። እንዲህ ላለች ባዝራ ቋንጃው እንደ ማጭድ የጎበጠ ድንጉላ አምጥተው "መሃሉ ይወጣል" የሚሉ አሉ። የሚወለድላችሁ አንድ ውርንጭላ እንጂ አማካይ አይደለም፤ የአንዱን ጉድለት ወይም የሌላውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ባዝራዋ በጎደላት ቦታ ላይ ትክክል የሆነ ድንጉላ ነው የሚፈለገው። በአንድ ውርንጭላ ደግሞ ከአንድ ጉድለት በላይ ለማረም መነሣት ከንቱ ድካም ነው።

ወጣት ድንጉላ ልጆች ስለሌሉት የሚታይለት ምስክር እናቱ ናት። ስለዚህ የሐሙስ ገበያ ላይ ድንጉላ አይመረጥም። እናቱ የለችም፣ ወንድም እህቶቹ የሉም፣ ያለው ደላላ ነው። እኔ የፈለግሁት በዴዶ በኩል ነው። ደጋ ነው፣ ዳገት ነው፤ እዚያ ያደገ ፈረስ ኋላው ሠርቷል። ወደ አሰንዳቦና ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ገንዲ የሚባለውን የከብትና የፈረስ በሽታ የሚያስተላልፍ ዝንብ አለ፤ ከዚያ የመጣ ፈረስ ላይ ጥርጣሬ አይጠፋም። እናቱን ስታዩ ዕድሜዋንና የወለደችውን ብዛት ጠይቁ፤ ዋናው ግን እስከ ዛሬ እየተጫነች እግሯ ደህና መሆኑ ነው። የዘር ሐረግ በወረቀት ስለሌለ በአባቱ ጉዳይ ሁለት ሰዎችን ለየብቻ ጠይቁ። አንድ የታወቀ ድንጉላ የአካባቢውን ባዝራ ሁሉ ስለሚያጠቃ፣ ወጣቱ የባዝራችሁ የአባት ልጅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ዕድሜን ከባለቤቱ ሳይሆን ከጥርሱ ስሙ። የመሃለኞቹ የወተት ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል፣ ቀጥሎ ያሉት በሦስት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ተኩል ይቀየራሉ። "አራት ሞልቶታል" ተብሎ መሃለኞቹ ብቻ ተቀይረው ከሆነ ቢበዛ ሦስት ተኩል ነው። ድንጉላ በሁለት ዓመቱም ያስረግዛል፤ እኔ ግን ሦስት ካልሞላ አልቀበልም፤ በሦስት ዓመቱም በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ማጥቃት የለበትም። አፉን ከከፈታችሁ አይቀር የላይኛው ጥርስ ከታችኛው አልፎ የወጣ እንደሆነ ተዉት፤ በዘር ይሄዳል።

ክብደቱን በገመድ ሜትር ታገኙታላችሁ። የደረቱን ዙሪያ በሳንቲሜትር ለክታችሁ በራሱ አብዙ፤ የተገኘውን ከወርቹ ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ባለው ርዝመት አብዙና ለ11,877 አካፍሉ፤ ኪሎ ይሰጣችኋል። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 140 የሆነ ፈረስ 265 ኪሎ ይሆናል። ቁጥሩ ለትል መድኃኒት መጠንም ይጠቅማል፤ በዓይን ግምት የተሰጠ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ያንሳል።

እግሩን ደልዳላ መሬት ላይ አቁማችሁ እዩ። ክር ጫፍ ላይ ጠጠር አስራችሁ ከመቀመጫው ጫፍ ብትለቁት የቋንጃውን ጀርባ ነክቶ ቅልጥሙን ተከትሎ መውረድ አለበት። ቅልጥሙ ከክሩ ቀድሞ ወደ ሆዱ በኩል ከገባ ማጭድ እግር ነው፤ በጉግስ ዙር ቶሎ የሚያብጥ ቋንጃ ይሄ ነው። ከፊት ስታዩት ጉልበቱ መሃል ለመሃል፣ ሰኮናው ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ያልዞረ ይሁን። ከጎን ጉልበቱ ወደ ኋላ የተለመጠ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ማየት አያስፈልግም። ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለው አጥንትና የሰኮናው ፊት አንድ ዓይነት ዘንበልታ ይኑራቸው።

የዘር ፍሬዎቹ ሁለቱም ወርደው በእጅ ሊዳሰሱ ይገባል፤ እኩል፣ የማይሞቁ፣ ሲነኩ የማያሙት። አንዱ ሆዱ ውስጥ የቀረ ድንጉላ ያስረግዛል፤ ጣጣው ለወንድ ልጆቹ ሊተርፍ መቻሉ ነው። በቅርቡ ትኩሳት ይዞት እንደነበርም ጠይቁ። የወንዴ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ግድም ስለሚፈጅ፣ የዛሬ ወር የታመመ ድንጉላ ጤነኛ መስሎ ባዶ ሊሆን ይችላል።

አሁን በርሜሎቹን አቁሙ። ባለቤቱ በሶምሶማ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ያዙረው። ፍጥነቱን አትዩ። በዙሩ ውስጥ በኩል ያለው የኋላ እግሩ ከሆዱ ሥር ይገባል ወይስ ወደ ውጭ ይንሸራተታል? ልጓም ሲሳብ ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ ይሰቅላል? በአንድ በኩል ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ የልምድ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም በኩል ኋላው ከከዳው የአካል ነው። ግማሽ ሰዓት አሳርፋችሁ ድገሙት፤ ድካም የደበቁትን ያወጣል። ሰጋር፣ ማለትም በሶምሶማ ፈንታ ሳያንገጫግጭ ፈጥኖ የሚራመድ፣ ከሆነ ለመንገድ ግሩም ነው፣ ለጉግስ ግን እኔ አልወስደውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዲኤምአርቲ3 በሚባለው ዘረ መል ላይ የታወቀው ለውጥ በውጭ አገር ሰጋር ዝርያዎች ዘንድ የበዛ ነው፤ ከእናትም ከአባትም የወረሰው ፈረስ ከስግሪያ ወደ ግልቢያ መሻገር ይከብደዋል።

"ትልቁን ምረጥ፣ ዘር ይሻሻላል" የሚለው የባለሙያ ምክር አይዋጥልኝም። ትልቅነት መዞርን አይረዳም። "ትልቅ ድንጉላ ትንሽ ባዝራን በምጥ ይገድላል" የሚለውም ፍርሃት የተጋነነ ነው። ዋልተንና ሐመንድ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1938 ግዙፉን የሻየር ፈረስ ከትንሹ ሼትላንድ ጋር አዳቅለው፣ ውርንጭላው ሲወለድ የሚኖረውን መጠን የሚወስነው እናቲቱ መሆኗን አሳይተዋል። እኔ ከባዝራዬ በትንሹ የሚበልጥ ይበቃኛል።

የቀረው የጤና ወረቀት ነው፤ እስካሁን የሚያበሽቀኝም እሱ ነው።

የሚነገራችሁ "ከክሊኒክ የጤና ወረቀት ያዝ" ተብሎ ነው። ወረቀቱ እንዴት እንደሚሰጥ ልንገራችሁ። ባለሙያው የድንጉላውን ዓይን ገለጥ አደረገ፣ ጥርሱን አየ፣ ወገቡን መታ መታ አደረገና "ጤነኛ" ብሎ ማኅተም አሳረፈ። በማጥቃት ጊዜ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚተላለፈውን የዶሪን በሽታ እንዲመረምርልኝ ስጠይቅ "ይሄ ወፍራም ድንጉላ ምን ሆኖ?" አለኝ። አጥብቄ ስይዘው ከጆሮው ጠብታ ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየና "ነጻ ነው" አለ።

ነጻ መሆኑ በዚያ አይታወቅም። የዶሪን ተውሳክ የገንዲ ተውሳክ ዘመድ ነው፤ ግን ዝንብ አይፈልግም፣ የሚተላለፈው በማጥቃት ጊዜ ነው። የሚቀመጠውም በብልት አካባቢ ሥጋና ቆዳ ውስጥ ስለሆነ ደም ላይ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ለገንዲ የለመዱትን የደም ጠብታ ምርመራ ለዶሪን ሲያውሉት መልሱ ብዙ ጊዜ "የለም" የሚሆነው ለዚህ ነው። ወፍራምነትም ማስረጃ አይደለም፤ ድንጉላ ለወራት ምንም ሳያሳይ ባዝራዎችን ሊበክል ይችላል። ምልክቱ ሲወጣም እየመጣ ይሄዳል፦ የብልቱ ከረጢት እብጠት፣ ፈሳሽ፣ ጎኑ ላይ ክብ ሆኖ ብቅ የሚልና በቀናት የሚጠፋ የቆዳ እባጭ፣ ብልቱ ላይ ነጭ ነጭ ቦታ። በመጨረሻ እየበላ ይከሳል፣ ኋላው ይጎተታል። አስተማማኝ መድኃኒት የለውም፤ በሽታውን ያጠፉ አገሮችም ያጠፉት የታመመውን ፈረስ እያስወገዱ ነው።

"ጅማ ላይ ዶሪን የለም" የሚለውንም ሰምቻለሁ። በአርሲና በባሌ ደጋ የታወቀ በሽታ ነው፤ ፈረስ ደግሞ በነጋዴ እጅ ዞን ያቋርጣል። ሳይመረምሩ "የለም" ማለት ምን ማለት ነው?

የሚሻለው በደም ውሃ፣ ማለትም በሴረም ውስጥ አንቲቦዲ የሚፈልገው ምርመራ ነው፤ ናሙናው ለዚህ ዝግጁ ወደሆነ ላቦራቶሪ ይላካል። አገር አቀፉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሰበታ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስመረረኝ። አንደኛው ደብዳቤ ነው። ያለ ደብዳቤ ናሙና አይላክም፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፤ ተወካዩ መፈረም አይችልም። በሽታው መኖር አለመኖሩን ማወቅ ያለበት መሥሪያ ቤት ሊመረምር የመጣውን ሰው ደጅ ያስጠናል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ የመጀመሪያው ናሙና የተቀዳው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ያ ቱቦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለበት፤ ደም ካልረጋ ሴረም የለም። በዚያ ላይ ቱቦው ባጃጅ ላይ ፀሐይ ሲመታውና ሲናጥ ነው የመጣው። ተጣለ።

ስለዚህ ቱቦውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ክዳኑ ቀይ፣ ውስጡ ምንም የሌለበት። ሐኪሙ ከአንገት ሥር 10 ሚሊ ሊትር ይቅዳ። ቱቦው ጥላ ሥር ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ማንም አይነቅንቀው፤ ደሙ ረግቶ ከላይ ቢጫ ውሃ ሲጠል ውሃው ብቻ ወደ ሌላ ንጹህ ቱቦ ይገልበጥ። የቀላ ሴረም ደሙ ተሰባብሯል ማለት ነው፣ ምርመራውን ያበላሻል። በበረዶ ሣጥን ይጓዝ፤ ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በረዶውን ሳይነካ። የፈረሱ ምልክት፣ የባለቤቱ ስምና ቀኑ ቱቦው ላይ ይጻፍ። ባለቤቱ "ደሙን ጨረሳችሁት" ካለ፣ 265 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ 20 ሊትር ግድም ደም እንዳለው ንገሩት።

ውጤቱ "አለበት" ቢል የገንዲ ተውሳክም ተመሳሳይ መልስ ሊያሰጥ ይችላል። ለማስጠቃት ግን ልዩነት የለውም፤ ሁለቱንም አልፈልግም። "የለበትም" ቢል ድንጉላው ከባዝራ ተለይቶ ይቆይና ከወር በኋላ ይደገም፤ ትናንት የተያዘ ፈረስ አንቲቦዲው ዛሬ አይታይም። ይህን ድጋሚ ምርመራ ማንም አላዘዘኝም፣ "ትርፍ ወጪ" ነው የተባልኩት። እኔ ያለ እሱ ባዝራ አላቀርብም። የጋሪ ፈረሶችን እግርና አንገት በተርታ እባጭ የሚሞላውን ቁስልም በእጃችሁ ዳሱ፤ ለእሱ ማይክሮስኮፕም አያስፈልግም።

ማስጠቃቱ ከዚህ ሲነጻጸር ቀላል ነው። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ባዝራ ዓመቱን ሙሉ ትፈልጋለች፤ የሚወስነው ሣርና ጭቃ ነው። እርግዝናው 11 ወር ግድም ስለሆነ ኅዳር ላይ የተጠቃች ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ወጥቶ ሣሩ ሳያልቅ ትወልዳለች። ፍላጎቷ በየ21 ቀኑ እየመጣ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ እንቁላሉ የሚወጣው ወደ መጨረሻው ስለሆነ ከሦስተኛው ቀን ጀምራችሁ እስክትረግጠው ድረስ ቀን እየዘለላችሁ አቅርቧት። ጭራዋን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ በውሃ ብቻ አጥባችሁ አድርቁ፤ ሳሙና የወንዴ ዘር ይገድላል። የኋላ እግሯ ይታሰር። ድንጉላው ጀማሪ ከሆነ አትጩኹበት፣ አትምቱት፤ አንዴ የደነገጠ ወጣት ለወራት እምቢ ሊል ይችላል። ላይዋ ሆኖ ጭራው ከፍ ዝቅ ማለቱን ተመልከቱ፤ ያንን ካላያችሁ አልጨረሰም።

ክፍያውን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ በተጠቃች ቀን፣ ግማሹ ከ18 እስከ 21 ባለው ቀን እንደገና ለድንጉላው ቀርባ እምቢ ስትልና በ45ኛው ቀን ሐኪም በእጁ ሲያረጋግጥ። ካልያዘች ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚደገም በምስክር ፊት ይጻፍ፤ ባለቤቱ "በቃል ይበቃል" ቢል እንኳ ይጻፍ።